መውረጃ የሌለው እቅድ

ባለፈው ዓመት የምሞትበትን ቦታ መርጬ ነበር። ቦታው ኔፓል ውስጥ ነው፤ ማናስሉ የሚባል፣ ቁመቱ ከስምንት ሺህ ሜትር የሚያልፍ ተራራ። እንዲህ በግልጽ የምናገረው ዛሬ ነው እንጂ ያኔ ለራሴም አልነገርኩትም። ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ «በመስከረም ከተራራ መሪዎች ጋር ሂማላያ ልወጣ ነው» እል ነበር። ሰዎችም ጀርባዬን መታ መታ አድርገው፣ ሐዘንን እንዲህ ነው መርሳት፣ በርታ ይሉኝ ነበር። እኔም እበረታ ነበር።

ስሜ ቢንያም ነው፤ አርባ ስድስት ዓመቴ። አትላንታ ውስጥ ባንድ ሆስፒታል የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። ሥራዬ ትንፋሽ ያጠራቸውን ሰዎች ሳንባ ማዳመጥ፣ ኦክስጅናቸውን መለካት፣ ሲብስባቸው ማሽን ላይ ማድረግ ነው። ባለቤቴ ሰብለ ግን ከአትላንታ ወጣ ብላ ባለችው ሊልበርን፣ በገዛ ቤታችን ትንፋሽ አጥሯት ሞተች።

ከመሞቷ አራት ቀን ቀደም ብሎ ግራ ባቷን እንደሚያማት ነግራኝ ነበር። ከመሞቷ አንድ ቀን በፊት ደግሞ ደረጃው መሃል ቆም ብላ «ቢኒ፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይልብኛል» አለችኝ። ከሁለት ተከታታይ ሺፍት መግባቴ ነበር። ጫማዬን እያወለቅኩ፣ ደክሞሽ ነው፣ ጋደም በይ አልኳት። ሥራ ቦታ አንድ በሽተኛ እነዚያን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ቢነግረኝ ኖሮ ሮጬ ሐኪም እጠራ ነበር። እግሯ ውስጥ የረጋው ደም በማግስቱ ሳንባዋ ደረሰ። ለለቅሶ ለመጣው ሰው «ድንገት ነው» አልኩ። ሰውም «ምን ይደረጋል፣ የእግዜር ሥራ ነው» ብሎ ተቀበለኝ። ባቷንና ትንፋሿን ለማንም አልተናገርኩም።

ልጅ አልወለድንም። ከእሷ በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና አባቷ ነን። አቶ ጥላሁን ይባላሉ፤ እኔ አባባ ነው የምላቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ቀያሽ ነበሩ፤ ለካርታ ሥራ መሣሪያ ተሸክመው ከሰሜን ተራሮች እስከ ባሌ ያልወጡት ጫፍ የለም። አሁን ልባቸው ደክሟል። ሰውነታቸው ውሃ እየያዘ ያስቸግራቸዋል፤ ለዚያም በቀን ሁለት ጊዜ የሚወስዱት ክኒን አለ። ሰብለ ከሞተች በኋላ ሁለት ዓመት አብረን ቁርስ በላን፣ አብረን ዜና አየን። ስለ አሟሟቷ ግን አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። እሳቸው ዝም አሉ፤ እኔም ዝምታቸውን እንደ ምሕረት ቆጥሬ ዝም አልኩ።

ተራራ የጀመርኩት ቤት ውስጥ መቀመጥ ሲያቅተኝ ነው። መጀመሪያ እሑድ እሑድ ስቶን ማውንቴን የሚባለውን፣ ከቤታችን የማይርቅ የድንጋይ ተራራ መውጣት፣ ከዚያ ውሃ የሞላ ጀሪካን ተሸክሜ በቀን ሦስት ጊዜ መውጣት። ዋሽንግተን ስቴት ሄጄ በረዶ ላይ መራመድን ተማርኩ፤ ኢኳዶር ሄጄ ከፍታ ሰውነቴን ምን እንደሚያደርገው አየሁ። ከዚያ የማናስሉን ቡድን አገኘሁ። ቡድኑን የሚመራው ፓሳንግ የሚባል ኔፓላዊ ነበር፤ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሃምሳዎቹ ውስጥ የገባ ሰው። በየሁለት ሳምንቱ በቪዲዮ ይደውልልኝ ነበር።

እቅዱ ሕይወቴ ሆነ። የመመገቢያ ጠረጴዛው ግማሹ የእኔ ወረቀት ነበር። ከካትማንዱ ተነስቶ ተራራው ግርጌ ያለው ሰፈር፣ ቤዝ ካምፕ፣ እስኪደረስ ያለው እያንዳንዱ ቀን፣ ካምፕ አንድ፣ ካምፕ ሁለት፣ ስንት ሌሊት የት እንደሚታደር፣ በደቂቃ ስንት ሊትር ኦክስጅን እንደምጠቀም ሁሉም ተጽፏል። ኦክስጅን እንጀራዬ ስለሆነ ስሌቱን ማንም አላረመኝም። ፓሳንግ ራሱ «እንዳንተ አጥርቶ የሚሠራ ደንበኛ አይቼ አላውቅም» ብሎኛል። አንድ ነገር ብቻ አልተዋጠለትም፤ እላይ ከጎኔ የማይለይ የግል ሼርፓ፣ የአገሩ ተወላጅ የሆነ የተራራ አጃቢ፣ አልፈልግም ማለቴ። ብቻዬን መሆን እወዳለሁ አልኩት። እሱም ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ።

በሐምሌ መጨረሻ የቀሩት ሁለት ወረቀቶች ነበሩ። አንደኛው እያንዳንዱ ተራራ ወጪ የመጨረሻውን ቀን፣ ማለትም ጫፍ የሚደረስበትን ቀን፣ በራሱ አባባል ሰዓት በሰዓት የሚጽፍበት ነው። እሱን ጽፌ ልኬ ነበር። ሁለተኛው «ሕይወትህ ቢያልፍ አስከሬንህ ምን ይደረግ?» የሚል ፎርም ነው። ሦስት ምርጫ አለው፤ ወደ አገርህ ይላክ፣ እዚያው ኔፓል ይቀበር፣ ወይም ባለበት ይተው። ሦስተኛው ላይ ምልክት አደረግኩ።  ከታች የቅርብ ዘመድ ፊርማ ይፈልጋል፤ ለእኔ ደግሞ የቅርብ ዘመድ የሚባል እዚህ አገር ከአባባ ሌላ የለኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ወረቀት አንድ ላይ አድርጌ ሰጠኋቸው። የኢንሹራንስ ነገር ነው፣ እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ አልኳቸው። እስክሪብቶውን አልተቀበሉኝም። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡና «ላንብበው» ብለው ወረቀቱን ይዘው ክፍላቸው ገቡ። እንግሊዝኛቸው ገበያ ላይ ይሰባበራል፤ ጽሑፍ ሲሆን ግን የቀያሽ እንግሊዝኛ እንደሆነ ረስቼው ነበር። ማታ ራት ላይ ስቶን ማውንቴን በየትኛው በር እንደምገባና የእግረኛው መንገድ ከየት እንደሚጀምር ጠየቁኝ። ስልኬን እያየሁ በምዕራቡ በር ነው አልኳቸው። ለምን እንደጠየቁኝ አላሰብኩም።

እሑድ ጠዋት በዚህ አገር አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፓሳንግ ደወለ። እሱ ዘንድ ምሽት ነው፤ ከኋላው ሰዎች ሲያወሩ ይሰማል። ስለ ቪዛና ስለ ጫማ ካወራን በኋላ ያ የጫፍ ቀን ጽሑፌ ሁለተኛ ገጹ እንዳልደረሰው ነገረኝ። የምን ሁለተኛ ገጽ አልኩት።

«የመውረዱ» አለ። «የላክልኝ ጫፍ ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ ትደርሳለህ ይልና ያልቃል። ኦክስጅኑም እዚያው ያልቃል። የቀረውን ስካን ሳታደርገው ቀርተህ ነው መሰለኝ።»

አዎ፣ ረስቼው ይሆናል፣ ዛሬ እልክልሃለሁ አልኩት። ስልኩን ዘጋሁ። ሁለተኛ ገጽ እንደሌለ አውቃለሁ። በሦስት ወር ሥራ፣ በዚያ ሁሉ ሠንጠረዥ ውስጥ፣ ስለ መውረድ አንድ መስመር አልጻፍኩም። አውቄ አልነበረም የተውኩት፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መቅረቱን እንኳ አላየሁም።  ወረቀቶቹን ልይ ብዬ ወደ አባባ ክፍል ሄድኩ። እሑድ በዚህ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ናቸው ብዬ ሳላንኳኳ ገባሁ።

አልጋው ተነጥፏል። ወረቀቶቹ አልጋው ላይ በሥርዓት ተደርድረዋል። ፎርሙ አልተፈረመም። የጫፉን ቀን የጻፍኩበት ወረቀት ግርጌ ላይ፣ ከ«አንድ ሰዓት ከሩብ» በታች ባለው ባዶ ቦታ፣ በእርሳስ፣ ካርታ ላይ በሚጻፍ ዓይነት ጥርት ያለ ፊደል አንድ ቃል ተጽፏል። «መውረጃው?»

ከወረቀቱ አጠገብ ስልካቸውና የክኒናቸው ሳጥን ተቀምጧል። ሳጥኑን ከፈትኩት። የዓርብና የቅዳሜው የውሃ ክኒን አልተነካም። የዛሬውም አለ።

ወዲያው እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለሚወስዷቸው ለእትዬ አልማዝ ደወልኩ። ቅዳሴ ላይ ስለነበሩ ወደ ውጭ ወጥተው በሹክሹክታ አነጋገሩኝ። አባባ ትናንት ማታ ደውለው፣ ነገ ቢኒ ነው የሚወስደኝ፣ አትምጪ ብለዋቸው ነበር። እሳቸውም ሁለታችሁም ልትመጡ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር አሉኝ። 

ወደ ጋራዡ ሮጥኩ። ግድግዳው ላይ የምሰቅላቸው ሁለቱ የተራራ ምርኩዞቼ የሉም። የሰብለ መኪናም የለችም። ያቺን መኪና ሁለት ዓመት ሙሉ ማየት እንኳ ስለማልችል ባትሪዋ ሞቶ እንደቆመች ነበር የማስበው። ለካ እኔ ሥራ ስሄድ አባባ በየሳምንቱ እያስነሱ ያቆዩዋት ነበር። መንጃ ፈቃዳቸው ካለፈበት ዓመት ሆኖታል።

ከሊልበርን ስቶን ማውንቴን ሩቅ አይደለም። ያን ቀን ግን እያንዳንዱ መብራት ቀይ ሆነብኝ። በአፌ ጸሎት የመሰለ ነገር እያልኩ ነበር፤ ሰብለ ከሞተች ወዲህ ጸልዬ ስለማላውቅ ቃሉ ጠፍቶኝ «እባክህ፣ እባክህ» ብቻ ነበር የምለው። ምዕራቡ በር ገብቼ የመኪና ማቆሚያው ስደርስ የሰብለን መኪና አየኋት። ሁለት መስመር ላይ አጋድማ ቆማለች። በሩ አልተቆለፈም። የእሳቸው ኮፍያ ወንበሩ ላይ ነው። የእኔን መኪና የት ፓርክ እንዳደረግኩ አላየሁም፤ ዘልዬ ወጣሁ።

የሐምሌ መጨረሻ ሙቀት ነው፤ አየሩ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ ይለጠፋል። መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ ያዘሉ፣ ውሻ የሚጎትቱ፣ እየተሳሳቁ ፎቶ የሚነሱ። እያስቆምኩ ጠየቅኳቸው። ሽማግሌ፣ ጥቁር፣ ቀጭን፣ ሁለት ምርኩዝ የያዙ። አንዲት ሴት «ሱፍና ከረባት ያደረጉት?» አለችኝ። አዎ አልኳት፤ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ለብሰው እንደሄዱ ያወቅኩት ከእሷ ነው። ግማሹ መንገድ ላይ ባለው መጠለያ ተቀምጠው ሳለ ውሃ ሰጥታቸው ነበር። ይመለሱ ስትላቸው ፈገግ ብለው አመሰገኗትና ወደ ላይ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰዓት ሆኖታል አለችኝ።

ያንን መንገድ በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ወጥቼዋለሁ። እንዲያ ሆኖብኝ ግን አያውቅም። እግሬ ተራራ የለመደ ነው፤ ትንፋሼ ግን ከመጀመሪያው መቶ ሜትር ተቆረጠ። መጠለያው ጋ የሉም። ከእሱ በላይ ዛፉ እየሳሳ ድንጋዩ እየሰፋ ይሄዳል። እየተጣራሁ ወጣሁ። «አባባ» የምለው ቃል ለማንም አይገባም፤ ሰዎች ዞር እያሉ ያዩኛል። ሞተው ባገኛቸው ምን እንደማደርግ አሰብኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለራሴ አዘንኩ። ሁለተኛም ሰው እንዲሁ ሊያመልጠኝ ነው፣ በእኔ ቤት፣ በእኔ ዓይን ሥር ብዬ አሰብኩ።

ያገኘኋቸው የመጨረሻው ቀጥ ያለ አቀበት፣ የብረት መደገፊያው የሚጀምርበት ጋ ሊደርሱ ሲሉ ነው። ከመንገዱ ወጣ ብለው አንዲት አጭር ጥድ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከረባታቸው አልተፈታም። ምርኩዞቹን እግራቸው ሥር ጎን ለጎን አስተኝተዋቸዋል። ከሩቅ ሲታዩ የሚያርፉ ይመስላሉ። አጠገባቸው ስደርስ ግን ድምፁን ሰማሁት። በየሺፍቱ የምሰማው፣ ውሃ የገባበት ሳንባ የሚያሰማው ያ የመንተክተክ ድምፅ ነው። ከንፈራቸው አመድ መስሏል። ትንፋሻቸውን ቆጠርኩ፤ በደቂቃ ከሠላሳ በላይ ነው። ቁርጭምጭሚታቸውን ስነካ ጣቴ ጉድጓድ ትቶ ወጣ።

ለድንገተኛ እርዳታ 911 ደወልኩና ያለንበትን ነገርኳቸው። የፓርኩ የነፍስ አድን ሰዎች እየመጡ ነው፣ አታንቀሳቅሳቸው አሉኝ። ከኋላቸው ተቀምጬ ደረቴ ላይ አስደገፍኳቸው፤ ቀጥ ብለው እንዲቀመጡ፣ እግራቸው ወደ ታች እንዲሆን። ከረባታቸውን ፈታሁ። ሰዎች እየመጡ ነው፣ እናወርድዎታለን አልኳቸው።

«አልወርድም» አሉ። ሁለት ቃል ለመናገር አራት ጊዜ ይተነፍሳሉ። «አንተ ያላሰብከውን እኔን ለምን ታስገድደኛለህ?»

ስለ ወረቀቱ እንደሆነ ገባኝ። መርሳት ነው፣ ሁለተኛ ገጹን ስካን ሳላደርገው ቀርቼ ነው አልኳቸው። ለፓሳንግ የተናገርኩትን ውሸት ደገምኩት።

«እኔ ሠላሳ አምስት ዓመት ተራራ ወጥቻለሁ» አሉ። «መውጣት የሚያቅድ ሰው አስቀድሞ መመለሻውን ነው የሚያቅደው። መመለሻውን ያላቀደ ሰው አንድ ነው፤ መመለስ የማይፈልግ።» ትንፋሽ ሰብስበው ቀጠሉ። «ሌሊቱን ሳስብበት አደርኩ እንጂ አልፈረድኩብህም። መጥቼ ልየው ብዬ ነው። መውጣትና መቅረት እንዴት እንደሚቀል ልየው ብዬ። አየሁት። ይቀላል።»

ክኒናቸውን ረስተው እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ሳጥኑ ውስጥ የዓርቡም እንዳለ ትዝ አለኝ። እኔ ወረቀቱን የሰጠኋቸው ቅዳሜ ነው። አንድ ጣራ ሥር፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ እየበላን፣ እኔ በበኩሌ እሳቸውም በበኩላቸው ለካ አንድ ሐሳብ ነበር የያዝነው።

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን አስቤ አልተናገርኩትም። ዓይናቸውን ማየት ስለማልችል ይሆናል፤ የማየው ነጭ ፀጉራቸውን ብቻ ነበር። «አባባ፣ ሰብለ ነግራኝ ነበር» አልኳቸው። ስለ ባቷ፣ ደረጃው መሃል ስለ መቆሟ፣ ጫማዬን እያወለቅኩ ጋደም በይ ስላልኳት፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። የእኔ ሥራ ትንፋሽ መስማት ነው፤ የእሷን አልሰማሁም አልኳቸው።  ሊረግሙኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ሁለት ዓመት የጠበቅኩት እሱን ነበር።

«ለእኔም ነግራኛለች» አሉ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።

«ሐሙስ ዕለት አንተ ሥራ ነበርክ። አባዬ፣ ባቴን አመመኝ አለችኝ። ቅባት አሙቄ አሸኋት። አጥብቄ ነው ያሸኋት፤ ደስ ይላል፣ ጨምርልኝ እያለችኝ። ከቀብሩ በኋላ ቤተ ክርስቲያን አንዲት ነርስ ለሌላ ሰው ስትነግር ሰማሁ። ደም የረጋበት እግር አይታሽም፤ ደሙን ያስነሳዋል አለች።» እጆቻቸውን አንስተው አዩዋቸው። «በእነዚህ ነው። ይህን ይዤ ሁለት ዓመት ያንተን እንጀራ በላሁ።»

እውነቱን ልንገራችሁ ስላልኩ ይህንንም አልደብቅም። ለአንድ ቅጽበት ጠላኋቸው። ሸክሜን የምጥልበት ሰው ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ወዲያው ግን ያ ስሜት ትቶኝ ሄደ፤ ምክንያቱም የያዝኩት ሰው እየሰጠመ ነበር። የተናገርኩት ባልም አማችም ሆኜ አይደለም፤ ባለሙያው ነው የተናገረው። ማሸቱ ያስነሳው፣ ደረጃው ያስነሳው፣ ወይም ተኝታ ሳለች በራሱ ጊዜ የተነሳ፣ ማንም ሊያውቅ አይችልም አልኳቸው። ሐኪምም ቢሆን አያውቅም። ይህን ባዘኑ ሰዎች ፊት ቆሜ ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ እውነት ስለሆነም ነው የምናገረው አልኳቸው።

«ለራስህስ ተናግረኸዋል?» አሉኝ።

ትከሻቸውን ይበልጥ ወደ ደረቴ ሳብኩ። ከታች የሰው ድምፅ መጣ። ብርቱካናማ የለበሱ ሦስት ሰዎች ቃሬዛና የኦክስጅን ሲሊንደር ይዘው ሲወጡ በድንጋዩ ላይ ታዩ። አባባም አዩዋቸው። ክንዴን ያዙ፤ አያያዛቸው የደካማ ሰው አልነበረም።

«ከወረድኩ ትኖራለህ?» አሉ። «እንዳትዋሸኝ። ሁለት ዓመት ተዋሽተናል።»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ግን አፌ አልታዘዘኝም። «አላውቅም» አልኳቸው። «ዛሬን እኖራለሁ።»

«ነገስ?»

«ነገ ይጠይቁኝ።»

 ከዚያ ክንዴን ለቀቁና እሺ በሚል ዓይነት ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። የነፍስ አድኑ ሰው ጭምብሉን ፊታቸው ላይ ሲያደርግ አልተከላከሉም። ቁልቁል ሲወርዱ ከቃሬዛው ጎን እየሄድኩ ሲሊንደሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ማስተካከያውን መጠምዘዝ አቃተኝ፤ አንዲት ወጣት የነፍስ አድን ሠራተኛ ከእጄ ወስዳ አስተካከለችው።

ሆስፒታል አምስት ቀን ቆዩ። በመጀመሪያው ቀን ከሳንባቸው ብዙ ውሃ ወጣ፤ ቢሆንም ሐኪሞቹ ሁለት ጊዜ ወደ ኮሪደር ጠርተው ተዘጋጅ አሉኝ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ጭምብሉን በእጃቸው ወደ ጎን አድርገው በጨረፍታ አዩኝና «ዛሬስ?» አሉኝ። «ዛሬን እኖራለሁ» አልኳቸው። ጭምብላቸውን መለሱ። በዚያው ዕለት እኔም ለሐኪማቸው ክኒኑን ሆን ብለው እንደተዉ ነገርኩ፤ እሳቸው ደግሞ በዚያው ሐኪም ፊት፣ በዚያ በሚሰባበር እንግሊዝኛቸው፣ ስለ እኔ ወረቀት ተናገሩ። ተካካስን። ሁለታችንም እስከ ዛሬ የምናነጋግራቸው የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች አሉን፤ የእሳቸው አማርኛ የምትችል ሴት ናት።

ለፓሳንግ እውነቱን ጻፍኩለት። ለመጻፍ ሁለት ቀን ወሰደብኝ። መልሱ አጭር ነበር። በዚህ ዓመት አልወስድህም አለኝ። ስለ ግል ሼርፓው እምቢ ስል ጠርጥሮ እንደነበር፣ ዝም በማለቱም እንደተጸጸተ ጻፈልኝ። ከዚያ የጨመራት አንዲት ነገር ግን ከሁሉም በላይ ያሳፈረችኝ ናት። አንተ እዚያ ብትቀር ባለሁበት ተዉኝ ብለህ ምልክት ስላደረግክ የሚተውህ መስሎሃል፤ ሊፈልግህ የሚወጣው የወንድሜ ልጅ ነበር፤ እሱም ሁለት ልጆች አሉት አለ። በዚያ ሁሉ ሠንጠረዥ ውስጥ የሌላ ሰው ሕይወት አንድ ጊዜም አልታሰበኝም ነበር።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ምክር ልሰጣችሁ አይደለም፤ ምክር የሚሰጥ ሰው ሥራ አልሠራሁም። አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ድንገት ብርቱ ሆኖ፣ ሥርዓት ይዞ፣ ትልቅ ነገር አቅዶ ስታዩት «ጎበዝ» ብላችሁ አትለፉት። ቁጭ ብላችሁ እቅዱን አብራችሁ ተመልከቱለት። ከዚያ በኋላ ያለውን ጠይቁት፤ ወሩን፣ ዓመቱን። መልስ ካጣ አትሂዱ። ዝም ያለውንም ሰው ዝም አለ ብላችሁ አትለፉት። እኔ የአባባን ዝምታ ምሕረት ነው ብዬ፣ እሳቸው የእኔን ሐዘን ብቻ ነው ብለው፣ እርስ በርስ እየተዛዘንን ልንጠፋፋ ነበር። ደግሞ ሰው የበደላችሁ ቢመስላችሁ፣ የምትፈሩት ያ ሰው ራሱ እናንተን እየፈራ እንደሆነ አታውቁም። እኔ አላወቅኩም።

ሐዘኑ አልሄደም። ሰብለን መስማት ነበረብኝ፤ አልሰማኋትም፤ ይህን ማንም ሊፍቅልኝ አይችልም፤ አባባም ቢሆኑ። አሁን ግን ብቻዬን አይደለም የምይዘው። ማታ ማታ ስለ እሷ እናወራለን። አንዳንድ ቀን አንጨርሰውም፤ አንዳችን ይነሳና ወደ ክፍሉ ይገባል። አባባ አሁን ደረጃ መውጣት አይችሉም፤ አልጋቸውን ወደ ምድር ቤት አውርደነዋል። ሐኪማቸው ምን ያህል ጊዜ እንደቀራቸው ነግሮናል፤ ሁለታችንም ሰምተናል። እሳቸው ሲሄዱ ምን እንደምሆን እፈራለሁ። ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሻይ ይዤላቸው ስገባ ነቅተው ነበር። መጋረጃውን እንድከፍትላቸው አመለከቱኝ። ከፈትኩት። በየጠዋቱ የሚጠይቁኝን፣ «ዛሬስ?» የምትለዋን ጥያቄያቸውን ጠየቁኝ፤ እኔም አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ ሳልቸኩል፣ ደህና አድርጌ አስቤበት መለስኩላቸው።